ባደን ፓወል፦ የስካውት መሥራችና የጠመንጃው ጥያቄ

በየቁምስናችን የወጣቶች ማኅበር ለማቋቋም በታሰበ ቁጥር ስለ ስካውት መወሳቱ አይቀርም። ሐሳቡ ሲነሣም ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዱ ስካውት የወታደርነት ታናሽ ወንድም ነው፤ ልጆችን ወደ ጠመንጃ የሚያቀርብ ነውና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይራቅ ይላል። ሌላው ደግሞ ወንድ ልጅ ዒላማ መምታትን ካልተማረ ምኑን ሠለጠነ ሲል ይጠይቃል። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም እስከ ጌዶ ባለው ምድራችን ጠመንጃ ለብዙ ዘመን የወንድነትና የክብር ምልክት ሆኖ ስለኖረ ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ የስካውትን እንቅስቃሴ የመሠረተውን የሎርድ ሮበርት ባደን ፓወልን ሕይወት፣ በተለይም ከጠመንጃ ጋር የነበረውን ግንኙነት፣ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለማቅረብ እንወዳለን። ዓ.ም. ተብለው ከተመለከቱት በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሮበርት ባደን ፓወል ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ መምህር ነበሩ። ልጁ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1860 አባቱ ስላረፉ፣ እናቱ ሄንሪየታ ግሬስ ብዙ ልጆቻቸውን የማሳደጉን ሸክም ብቻቸውን ተሸከሙ። የስካውት መሥራች ያለ አባት ያደገ ልጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ በኋላ ዘመን የሰው ልጆችን ሰብስቦ እንደ ታላቅ ወንድም ሊመራ የተነሣው ሰው፣ የሚመራው አባት ሳይኖረው ያደገ ነበር።

ትምህርቱን የተከታተለው ቻርተርሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1872 ከለንደን ወደ ገጠር ሲዛወር፣ በአጠገቡ ተማሪዎች እንዳይገቡበት የተከለከለ ጫካ ነበር። ሮበርት ግን ወደዚያ እየሾለከ ጥንቸል በወጥመድ መያዝን፣ መምህራን ጢሱን አይተው እንዳይደርሱበት በደረቅና በቀጭን እንጨት ጢስ የማያበዛ እሳት ማንደድን፣ ሰው ሲያልፍም ሳይንቀሳቀስ ተደብቆ መመልከትን ተማረ። እርሱ ራሱ በኋላ ላይ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ይህ ጫካ እንዳስተማረው ያምን ነበር። በዚህ የልጅነት ትምህርቱ ውስጥ ጠመንጃ አልነበረም፤ ዓይንና ጆሮ፣ ትዕግሥትም ብቻ ነበሩ።

ቃፊርነት

ወደ ኦክስፎርድ ለመግባት ያደረገው ሙከራ ስላልተሳካለት፣ በ1876 ለጦር ሠራዊት መኮንንነት የሚሰጠውን ፈተና ወስዶ በከፍተኛ ውጤት በማለፉ በቀጥታ ወደ ሕንድ አገር በፈረሰኛ ክፍለ ጦር ተመደበ። በዚያም ልዩ ሙያው የሆነው ነገር እኛ በአማርኛ ቃፊርነት የምንለው፣ እንግሊዞች ደግሞ ስካውት ብለው የሚጠሩት ሥራ ነበር። ቃፊር ከዋናው ጦር ቀድሞ፣ አንድ ለአንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይሄዳል፤ የጠላትን ብዛት፣ የመንገዱን ሁኔታና የውሃውን ስፍራ አይቶ ይመለሳል። ባደን ፓወል በዚህ ሙያ ላይ በ1884 መጽሐፍ አሳተመ።

ለርእሳችን ዋና የሆነው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ቃፊር ጠመንጃ ቢይዝም የተላከው ሊተኩስ አይደለም። ከተኮሰ ያለበት ስፍራ ይታወቃል፤ ያየውንም ይዞ ለመመለስ አይችልም። ስለዚህ የቃፊር ብልሃት የሚለካው በገደለው ሰው ቁጥር ሳይሆን ባመጣው እውነተኛ ወሬ ነው። የተረገጠውን ሣር አይቶ መቼ እንደተረገጠ ማወቅ፣ ርቀትን በዓይን መገመት፣ በጨለማ በከዋክብት መመራት፣ ብቻ ሆኖ አለመሸበር፣ እነዚህ ሁሉ ከተኩስ በፊት የሚመጡ ናቸው። ባደን ፓወል ይህን ትምህርት በ1896 በደቡባዊ አፍሪካ በማታቤሌዎች ምድር ሳለ ይበልጥ አዳበረ። በማቶቦ ተራሮች መካከል ሌሊት ብቻውን እየሄደ ይሰልል ነበር፤ ፍሬድሪክ ራስል በርናም የተባለው አሜሪካዊ ቃፊርም የዱር ጥበብን በሰፊው አካፍሎታል።

ይሁን እንጂ የዚህን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ጥላውን ትተን ብርሃኑን ብቻ ማሳየት ለእውነት ታማኝ መሆን አይደለም። ባደን ፓወል የቅኝ ግዛት ጦር መኮንን ነበር፤ የዘመተውም በአፍሪካውያን ላይ ነው። በዚያው በ1896 ኡዊኒ የተባለውን የማታቤሌ አለቃ፣ እጁን ከሰጠ በኋላ፣ በጦር ፍርድ አስፈርዶ በጥይት አስደብድቦታል። ስለ ድርጊቱ ምርመራ ተካሂዶ በኃላፊነት ሳይጠየቅ ቢቀርም፣ ጠመንጃ በእጁ የያዘ ሰው በችኮላ የሚያደርገው ነገር ዳግመኛ የማይመለስ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

በማፈኪንግ ከበባ

ስሙን በዓለም ያስጠራው በቦር ጦርነት ጊዜ የማፈኪንግን ከተማ መከላከሉ ነው። ከበባው ከኦክቶበር 13 ቀን 1899 እስከ ሜይ 17 ቀን 1900 ድረስ 217 ቀናት ቆየ። በከተማው ያሉት ተዋጊዎች ጥቂቶች ስለነበሩ፣ አንድ ሰው እንኳ ከምሽጉ ተነሥቶ መልእክት ለማድረስ ቢሄድ ጉድለቱ ይታወቅ ነበር። በዚህ ጊዜ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ተሰባስበው፣ ዋርነር ጉድይር የተባለ የ13 ዓመት ልጅ አለቃቸው ሆኖ፣ የረዳቶች ጓድ ተቋቋመ። ልጆቹ በመጀመሪያ በአህያ፣ በኋላም በብስክሌት እየተመላለሱ ደብዳቤ ያደርሳሉ፤ በሆስፒታል ያገለግላሉ፤ ከፍ ካለ ስፍራ ሆነው ይጠብቃሉ። አዋቂዎቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ በየስፍራቸው ለመቆየት የቻሉት በልጆቹ አገልግሎት ነው። ባደን ፓወል ከዚህ ያገኘው ትምህርት ልጅ ኃላፊነት ከተሰጠው፣ ከታመነም፣ አዋቂ የሚሠራውን ቁም ነገር መሥራት የሚችል መሆኑን ነው።

የዚህም ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። በከተማው ውስጥና ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አፍሪካውያን፣ በተለይም ከሌላ ስፍራ ተሰደው የመጡት፣ በከበባው ወራት በረሃብ ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ብዙዎችም አልቀዋል። የእህሉ አከፋፈል ፍትሐዊ አልነበረም ሲሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ባደን ፓወልን ይወቅሱታል።

ልጆችና ተኩስ

የቦር ጦርነት እንግሊዞችን አንድ ነገር አሳፍሯቸው ነበር። ቦሮቹ ገበሬዎች ሲሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ በፈረስ ላይ ሆነው አውሬ በማደን ያደጉ ስለነበሩ ዒላማቸውን አይስቱም፤ ከከተማ የመጣው የእንግሊዝ ወታደር ግን ርቀት መገመት እንኳ ይቸግረው ነበር። በዚህም ምክንያት ከጦርነቱ በኋላ ሎርድ ሮበርትስ የተባሉት የጦር አዛዥ ሕዝቡ ሁሉ ተኩስ እንዲማር ሰፊ ቅስቀሳ አካሄዱ፤ በየከተማውና በየመንደሩም በትንንሽ ጥይት ዒላማ የሚለማመዱ ማኅበራት ተስፋፉ።

ባደን ፓወል የስካውትን ሐሳብ ያወጣው በዚህ ዘመን ነው። በ1899 ለወታደሮች ያዘጋጀው የቃፊርነት መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች ማስተማሪያ ሆኖ ስላገኘው፣ ለልጆች የሚስማማ አዲስ ትምህርት ለማዘጋጀት ወሰነ። በኦገስት 1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ ሙከራውን ጀመረ። ከባለጸጎች ትምህርት ቤት የመጡና ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጆች በአንድ ድንኳን እንዲያድሩ አደረገ፤ በአራት ጓድ ተከፍለውም የተኩላ፣ የኮርማ፣ የቁራና የአንዲት የውሃ ወፍ ስም ተሰጣቸው። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው በአጋዘን ቀንድ በተሠራ መለከት ነበር። ዱካ መከተልን፣ እሳት ማንደድን፣ ገመድ ማሰርን፣ ሕይወት ማዳንን ተማሩ። በጃንዋሪ 1908 ደግሞ የልጆች መማሪያ የሆነው መጽሐፉ በክፍል በክፍል ሆኖ መታተም ጀመረ።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳንሸፍን እንናገር። በዚያ የመጀመሪያ እትም ባደን ፓወል ልጆች አገራቸውን ለመከላከል ይችሉ ዘንድ ተኩስ እንዲማሩ መክሯል። ከመጀመሪያዎቹ የሙያ ምልክቶች መካከልም አንዱ የዒላማ ተኳሽነት ምልክት ነበር። ይህን ምልክት ለማግኘት ጥይት ማባከን አይበቃም፤ ልጁ በትንሽ ጠመንጃ ወረቀት ላይ የተሳለውን ዒላማ እያነጣጠረ ይለማመዳል፤ ርቀትንም በትክክል መገመት ይጠበቅበታል። ተኩስ የሚያስተምር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመጀመሪያ የሚሠለጥነው እጅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። የተናደደ፣ የፈራ ወይም የቸኮለ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ምላጩ በድንገት አይሳብም፤ ቀስ ተብሎ ይጠበቃል። አፈሙዝ ባዶ ነው ቢባል እንኳ ወደ ሰው አይዞርም። እነዚህ ሁሉ ራስን የመግዛት ትምህርት መሆናቸው አይካድም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን፣ ገና በ1909፣ በእንቅስቃሴው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሰር ፍራንሲስ ቬን የተባሉት መሪ ስካውት የሰላም ማኅበር እንጂ የጦር ማዘጋጃ መሆን የለበትም በማለታቸው ተለያዩ። ባደን ፓወልም ቢሆን ልጆች እንደ ወታደር በሰልፍ እንዲደክሙ አይፈልግም ነበር፤ ሰልፍ የልጁን የራሱን ማስተዋል ያደነዝዛል የሚል እምነት ነበረው። ጦርነት ሲመጣ ግን መስመሩ ደበዘዘ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ከ15 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ስካውቶች የመከላከያ ጓድ አቋቁሞ ተኩስ እንዲማሩ አደረገ፤ ትምህርቱን ላጠናቀቀም ቀይ ላባ ይሰጠው ነበር። ያ ጓድ ሥር አልሰደደም። በጦርነቱ ጊዜ ለስካውቶች ስም ያተረፈላቸው ያለ ጠመንጃ ያከናወኑት ሥራ ነው፤ የባሕሩን ዳርቻ ጠብቀዋል፣ መልእክት አድርሰዋል፣ ቁስለኞችን ረድተዋል። ያደጉት ስካውቶች ግን ወደ ጦር ሜዳ ሄደው ብዙዎቹ አልተመለሱም። በብራውንሲ ደሴት በድንኳኑ ካደሩት ልጆች መካከል ሳይቀር በዚያ ጦርነት የሞቱ አሉ።

የሰላም መልእክተኛ

ከዚያ እልቂት በኋላ የባደን ፓወል ትምህርት አቅጣጫው እየተለወጠ ሄደ። በ1920 በለንደን ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ስካውቶች የዓለም ስካውቶች አለቃ ብለው ሰየሙት፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ያስተማረው በጦርነት የተለያዩ ሕዝቦች ልጆች በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው እንዲተዋወቁ ነው። በ1929 አሮው ፓርክ በተባለው ስፍራ ወደ 50,000 የሚጠጉ ወጣቶች በተገኙበት ጉባኤ፣ የጦርነት ምሳሌ የሆነውን መጥረቢያ ቀበረ፤ በወርቅ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ፍላጻዎችንም የሰላምና የወንድማማችነት ምልክት አድርጎ ለየአገሩ ልዑካን አስረከበ። ፍላጻ የጦር መሣሪያ ነበረ፤ እዚህ ግን መንገድ አመልካች ሆነ።

በራሱ ኑሮም ለውጥ ታይቷል። በወጣትነቱ አደን እጅግ የሚወድ ሰው ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ግን ከጠመንጃ ይልቅ ካሜራ ይዞ አውሬን መከተል እንደሚበልጥ ለልጆች ያስተምር ነበር። አውሬውን ለመቅረብ የሚጠይቀው ጥበብ አንድ ነው፤ ነፋሱን ማወቅ፣ ዱካውን ማንበብ፣ ትንፋሽን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ልዩነቱ በመጨረሻ አውሬው በሕይወት መሄዱ ነው።

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ስካውትን የተቀበለችው ከመረመረች በኋላ ነው። በፈረንሳይ አገር ብዙ ካቶሊካውያን እንቅስቃሴው ከፕሮቴስታንት አገር የመጣ ነው በማለት ይጠራጠሩት ነበር። አባ ዣክ ሰቨን የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ግን በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄደው ባደን ፓወልን አነጋገሩ፤ ሥራውንም በዓይናቸው አዩ። በ1920 ከሌሎች ካህናት ጋር የፈረንሳይ ካቶሊካውያን ስካውቶችን ማኅበር መሠረቱ። አባ ሰቨን ስካውት የሚማረውን ዝግጁነት ከወንጌል አገልግሎት ጋር አዛመዱት፤ ልጁ ዝግጁ የሚሆነው ሊያገለግል ነው። እኚህ ካህን በ1951 ያረፉ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን በ2012 የጽድቅ ሕይወታቸውን መስክራ ክቡር ብላ ሰይማቸዋለች።

ጠመንጃ የተሰጣቸው ልጆች

ልጅን ለምን እንደምናሠለጥነው ካልታወቀ ሥልጠናው ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳየው ታሪክ እኛንም ይነካል። በኢጣልያ የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 ባሊላ የተባለውን የልጆች ድርጅት አቋቋመ፤ በ1928 ደግሞ የካቶሊክ ስካውቶች ማኅበር እንዲፈርስ አደረገ። የባሊላ ልጆች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ በቁመታቸው ልክ የተሠራ ትንሽ ጠመንጃ ተሸክመው ይሰለፉ ነበር። በ1935 አገራችንን ለመውረር ከመጡት ወጣቶች መካከል በዚህ ትምህርት ያደጉ ነበሩ። ከዚህ በተቃራኒ በሚላኖና በሞንዛ ጥቂት ስካውቶች ከካህናቶቻቸው ጋር በስውር መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ ራሳቸውንም ተንከራታች ንስሮች ብለው ሰየሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተራራውን መንገድ የማወቅ ጥበባቸውን ተጠቅመው አይሁዳውያንንና ሌሎች ስደተኞችን ወደ ስዊዘርላንድ አሻገሩ። ያለ ጠመንጃ የተማሩት ቃፊርነት የሰው ነፍስ አዳነ።

በእኛም አገር በዚያው ዘመን፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሆለታ፣ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የመጡ ወጣቶች ተኩስና የጦር ስልት ይማሩ ነበር። ትምህርታቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ወረራው ደረሰባቸው። በደንዲ ምድር የተወለዱትና በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ጃገማ ኬሎም ጠመንጃ ይዘው ወደ ጫካ የገቡት ገና በ15 ዓመታቸው ገደማ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ጠመንጃውን ያነሡት አገራቸው ስለተወረረች ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕዝብ ራሱን ከወራሪ መከላከሉን ኃጢአት ነው ብላ አታስተምርም። ነገር ግን ልጅ ወደ ጦር የሚሄድበት ዘመን የመከራ ዘመን እንጂ ልጅን የማሳደጊያ ሥርዓት ሊሆን አይገባውም።

ዕረፍቱና ለእኛ የሚተርፈው

ባደን ፓወል በ1912 ኦላቭ ሶምስን አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። በ1938 በጤንነት ምክንያት ወደ ኬንያ ሄዶ በኔሪ ከተማ መኖር ጀመረ፤ በዚያም ጃንዋሪ 8 ቀን 1941፣ ማለትም ታኅሣሥ 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በ83 ዓመቱ አረፈ። ከ12 ቀን በኋላ፣ ጥር 12 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። መቃብሩ ከኬንያ ተራራ ፊት ለፊት ነው። በድንጋዩ ላይ በክብ መካከል ያለች አንዲት ነጥብ ተቀርጻለች፤ ይህችም ስካውቶች በመንገድ ላይ ትተውት የሚሄዱት፣ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ናት።

የተከበራችሁ ካቴኪስቶች፣ ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ልጇን ጠመንጃ የነጠቃት እናት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ ከዚህ ሰው ሕይወት ልንወስድ የሚገባን የትኛው ክፍል እንደሆነ ግልጽ ነው። ጥሩ ተኳሽ የሚያደርጉት ጠባዮች፣ ይኸውም ትዕግሥት፣ የጠራ ዓይን፣ የተገታ ትንፋሽና ታዛዥነት፣ ሁሉም ያለ አንዲት ጥይት ሊገኙ ይችላሉ። ባደን ፓወል ራሱ ይህን በሙሉ ልቡ ለመቀበል ብዙ ዓመትና አንድ ታላቅ ጦርነት ፈጅቶበታል፤ እኛ ግን የእርሱን ዘመን ተመልክተን ከወዲሁ መማር እንችላለን።

ወጣቶቻችንን ስድስት ወይም ስምንት እያደረግን በጓድ እንከፋፍላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን አለቃ እናድርግላቸው፤ አምነንም ሥራ እንስጣቸው። ወደ ጭልሞ ደን ወይም ወደ ወንጪ ሐይቅ ይዘናቸው ስንወጣ የዛፉን ስም፣ የወፉን ድምፅ፣ የአውሬውን ዱካ ይለዩ፤ ርቀት ይገምቱ፤ ካርታ ያንብቡ። የደም መፍሰስን ማቆም፣ የተሰበረን አጥንት ማሰር፣ በሽተኛን በቃሬዛ መሸከም ይማሩ። በቤቱ ጠመንጃ ያለው ልጅ ካለም መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎና ከሕፃናት ርቆ እንዲቀመጥ ወላጆቹን በትሕትና እናሳስብ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ልጅ ሲመርቁ ጠመንጃ ያንሣ ከማለት ይልቅ የወደቀ ያንሣ ብለው ይመርቁ ዘንድ እንለምናቸው።

ያን ጊዜ በስካውት ስም የሚጠራ ማኅበር ኖረም አልኖረም፣ ከቁምስናችን የሚወጡት ወጣቶች እውነተኞች ቃፊሮች ይሆናሉ፤ ከሕዝባቸው ቀድመው ሄደው የሰላሙን መንገድ አይተው የሚመለሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።